ያለ ሰማንያ አብሮ ኖሮ መለያየት፦ አሜሪካ ውስጥ ጡረታው ለማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሳይፈራረሙ አብረው ኖረው የተለያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጨቃጨቁት በቤቱ፣ በመኪናውና በሶፋው ነው። ጡረታው ትዝ የሚላቸው ዘግይቶ ነው። ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም ኤርፖርት ለአሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው ግን ባንክ ካለው ገንዘብ ይልቅ 401ኬው (በሥራ ቦታ የሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ) ውስጥ ያለው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መንገዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ሁሉም ለሁሉም አይሆንም። የት ከተማ እንደኖራችሁ፣ ስንት ዓመት እንደቆያችሁና ወረቀት ላይ ምን እንደጻፋችሁ ይለያያል።

ነገሩን የሚያከብደው የፌዴራሉ ሕግ ነው። የግል መሥሪያ ቤት ጡረታና 401ኬ የሚተዳደሩት ኤሪሳ በሚባለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1974ቱ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የሠራተኛው ጡረታ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ አጥሮታል። ክፍት የተተወው በር አንድ ነው። ፍርድ ቤት «ኳድሮ» የሚባለውን ትእዛዝ ከሰጠ ገንዘቡን መከፋፈል ይቻላል። በዚህ ትእዛዝ ገንዘብ መቀበል የሚችሉት ደግሞ ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው፦ የትዳር ጓደኛ፣ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ እና ጥገኛ። «አብረን እንኖር ነበር» የሚል መደብ የለም።

ስለዚህ ሽማግሌ ተቀምጦ «ግማሹን ስጣት» ቢል፣ እሱም እሺ ብሎ ቢፈርም፣ ፕላኑን የያዘው ኩባንያ ወይ ፍንክች። የሽማግሌ ወረቀት አይቀበልም። የዳኛ ትእዛዝም ቢሆን «የቀድሞ የትዳር ጓደኛ» የሚለው ውስጥ ካልገባችሁ ሊመልሰው ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የመንግሥቱ ጡረታ፣ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው። እሱን ዳኛም አያካፍለውም። የሚከፍለው መንግሥት በራሱ መስፈርት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ስንት ይደርሰኛል?» ከመሆኑ በፊት «ሕጉ ተጋብታችሁ ነበር ይላል ወይ?» ነው።

መጀመሪያ ይህን አጣሩ፦ በእርግጥ አልተጋባችሁም?

ብዙ ሰው «ያለ ሰማንያ ነው የኖርነው» ይላል። ሲጠየቅ ግን አገር ቤት እያሉ ቁርባን ቆርበዋል፣ ወይም ኒካህ ታስሯል፣ ወይም በባህሉ ሽማግሌ ተልኮ ድግስ ተደግሷል። የ1992ቱ የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል። እዚያ የጸና ጋብቻ ደግሞ እዚህም በአብዛኛው ይጸናል። እንዲህ ከሆነ እናንተ «አብረው የኖሩ» ሳትሆኑ ባልና ሚስት ናችሁ። መለያየታችሁም ፍቺ ይፈልጋል። የምትከራከሩት ስለ ማስረጃው ነው። ምስክር፣ ፎቶ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ከተቻለም ከአገር ቤት የወጣ የምዝገባ ወረቀት ያስፈልጋል።

አገር ቤት ምንም ካልተፈጸመ ቀጥሎ የሚታየው አድራሻችሁ ነው። ኮመን ሎው የሚባለውን ጋብቻ፣ ማለትም ያለ ፈቃድና ያለ ሥነ ሥርዓት የሚመሠረተውን፣ ዛሬም የሚቀበሉ ግዛቶች ጥቂት ናቸው። የእኛ ሰው በብዛት ካለባቸው ውስጥ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኮሎራዶና ቴክሳስ ይገኙበታል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በግዛታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ጋብቻ እንዲመሠረት አይፈቅዱም። ጆርጂያ ከ1997 መጀመሪያ ጀምሮ ዘግታዋለች። ኦሃዮ ከጥቅምት 1991፣ ሚኒሶታ ከ1941፣ ኔቫዳ ከ1943 ጀምረው። ካሊፎርኒያማ ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። (እነዚህ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዲሲ አካባቢ ይህ ነገር ያስገርማል። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ኢስተርን አቬኑን ሲሻገር ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። ሰፈሩ አንድ፣ ሱቁ አንድ፣ ሰዉ አንድ። ሕጉ ግን ሌላ። ከመንገዱ በዲሲ በኩል «ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት ነን» ተባብለው በዚያው መንፈስ አብረው የኖሩ ሰዎች በሕግ ተጋብተዋል። በሜሪላንድ በኩል ሃያ ዓመት ቢኖሩም አልተጋቡም። አንድ ጥሩ ነገር አለ፦ ዲሲ ላይ የተመሠረተው ጋብቻ ወንዝ ወይም ድንበር ሲሻገር አይፈርስም። ዲሲ ተጋብተው በኋላ ኪራይ ስለረከሰ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የገቡ ሰዎችን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እንደ ተጋቡ ያያቸዋል። ስለዚህ የድሮውን የኪራይ ውል አትጣሉ። ዲሲ ውስጥ በየትኛው ዓመት ምን ስም ለጥፋችሁ እንደኖራችሁ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ በየቤቱ የሚወራ ነገርም እዚህ ላይ ይታረም። «ሰባት ዓመት አብሮ የኖረ እንደተጋባ ይቆጠራል» የሚለው ወሬ ነው። ዲሲ የዓመት ገደብ የላትም። ቴክሳስና ኮሎራዶም የላቸውም። የሚታየው ስምምነቱና አኗኗሩ ነው።

«ተጋብተን ነበር» ብሎ በሕግ መፋታት

ይህ መንገድ ከባድ ነው፤ የሚያስገኘው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዳኛው ጋብቻ ነበር ካለ «የቀድሞ የትዳር ጓደኛ» ሆናችሁ። ኳድሮ ይወጣል፣ 401ኬው ይከፈላል። በኳድሮ የወጣ ድርሻ ወደ ራስ አይ አር ኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ሲዛወር ታክስ አያስከፍልም። በጥሬው ቢወጣ እንኳ ከኳድሮ በቀጥታ ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ የተከፈለ ስለሆነ የ10 በመቶው የቅድመ ጊዜ ቅጣት የለበትም። መደበኛው ታክስ ግን ይቆረጣል።

ሶሻል ሴኩሪቲም ይከፈታል። ጋብቻው ፍቺው እስከጸናበት ቀን ድረስ 10 ዓመት ከሞላ፣ እናንተም 62 ዓመት ከደረሳችሁና ሌላ ካላገባችሁ፣ በቀድሞው ሰው ሥራ ላይ ተመሥርቶ እስከ ሙሉ ጡረታው ግማሽ ድረስ ሊታሰብላችሁ ይችላል። የራሳችሁ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ የሚከፈላችሁ የራሳችሁ ነው። ብዙ ሰው «የእሱን ልቆርስበት ነው?» ብሎ ይሳቀቃል። አይደለም። የእሱ አንድ ሳንቲም አይቀነስም። እሱ ቢሞት ደግሞ ከ60 ዓመት ጀምሮ የሟች የቀድሞ ትዳር ጓደኛ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ እዚህም 10 ዓመቱ ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዓመት ተኩል ላይ ያለ ሰው ፍቺውን ለመጨረስ ከመቸኮሉ በፊት ይህችን ቁጥር ይያት።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ኮመን ሎው ጋብቻን ሲያጣራ በመጀመሪያ የሚፈልገው የሁለታችሁን ቃልና ከየወገናችሁ የአንድ የሥጋ ዘመድ ቃል ነው። አንዱ ከሞተ በሕይወት ያለው ቃሉን ይሰጣል፣ ከሟች ወገን ደግሞ ሁለት የሥጋ ዘመዶች። እንግዲህ ከአማቶቻችሁ ጋር ተኮራርፋችሁ ከሆነ ዕርቅ ገንዘብም አለው።

ለፍርድ ቤት ግን ቃል ብቻ አይበቃም። በእኛ ሰው ዘንድ የሚገኘው ማስረጃ ፈረንጁ ከሚያቀርበው ትንሽ ይለያል። በዕድር መዝገብ ላይ «ከነባለቤቱ» ተብሎ የተመዘገበ ስም አለ። የሰበካ ጉባኤ የቤተሰብ ካርድ አለ። ያለ መንግሥት ፈቃድ ዲሲ ውስጥ የተፈጸመ ቁርባን ወይም ኒካህ ካለ፣ «አሁን ተጋባን» መባሉን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሥራ ቦታውን የጤና ኢንሹራንስ ፎርም ፈልጉ። ያኔ እናንተን ለማስገባት «ስፓውስ» (የትዳር ጓደኛ) የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ከፈረመ፣ ዛሬ «ጓደኛሞች ነበርን» ለማለት ይከብደዋል።

አሁን መጥፎው። ያው ፎርም በእናንተም ላይ ይመጣል። በየዓመቱ ታክስ ስታስገቡ አንዳችሁ «ነጠላ»፣ ሌላው «ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ» (ያላገባ የቤተሰብ ኃላፊ) ብላችሁ ሞልታችኋል? ብዙ ቤት እንዲህ ነው፤ ተመላሹ ስለሚበልጥ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ ግን በኮመን ሎው የተጋባን ሰው እንደ ባለትዳር ነው የሚያየው። የዚያኛው ወገን ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «ታዲያ ለምን ነጠላ ነኝ ብለህ ፈረምክ?» ነው የሚሆነው። ለኢሚግሬሽን፣ ለዲቪ ወይም ለቤት ኪራይ ድጎማ የሞላችሁት ፎርምም እንደዚሁ። አንዱ ቦታ ነጠላ፣ ሌላው ቦታ ባለትዳር መሆን ከጡረታ ክርክር አልፎ ወደ ሌላ ጣጣ ይወስዳል። ይህ ያለበት ሰው ክስ ከመክፈቱ በፊት ታክስንና ኢሚግሬሽንን የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር። ይህን ምክር እንደ ልማድ ቃል አትለፉት።

ሁለት እንቅፋቶች ቀርተዋል። አንዱ አገር ቤት ያልተፈታ የቀድሞ ጋብቻ ነው። አንዳችሁ በጊዜው ሌላ ሕጋዊ ትዳር ከነበራችሁ ኮመን ሎው ጋብቻ አይመሠረትም። ሌላው የቴክሳስ ነው። እዚያ ከተለያያችሁ ጀምሮ 2 ዓመት ሳይሞላ ክስ ካልተከፈተ፣ ሕጉ ለመጋባት ስምምነት እንዳልነበረ ይገምታል። ግምቱን ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን በእናንተ ላይ ነው። ዳላስ ያላችሁ፣ «እስኪ ልቡ እስኪመለስ» እያላችሁ ጊዜው እንዳያልፍ።

ደግሞም «ኮመን ሎው ፍቺ» የሚባል ነገር የለም። በዚህ መንገድ የተጋባ ሰው ሻንጣውን ይዞ በመውጣቱ አልተፋታም። በፍርድ ቤት ሳይፋታ ሌላ ካገባ ሁለተኛው ጋብቻ አደጋ ላይ ነው። ሰውየው ሲሞት ሁለት ሴቶች በአንድ ጡረታ ላይ የሚሟገቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሲያትልና አካባቢው

ዋሽንግተን ስቴት ኮመን ሎው ጋብቻ የለም። ግን የራሱ ነገር አለው፦ እንደ ትዳር ጸንቶ የቆየ ግንኙነትን ፍርድ ቤቶቹ ይቀበላሉ። ሳያቋርጡ አብሮ መኖር፣ የቆይታው ርዝመት፣ ገንዘብን ማዋሐድ፣ ዓላማና ፍላጎት ይታያል። ይህ ከተረጋገጠ ተጋብተው ቢሆን የጋራ ይሆን የነበረው ንብረት ይከፈላል። በዚያ ጊዜ የተጠራቀመው ጡረታም ይጨመራል። ጥያቄው በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ትዳር ግን አይደለም። ስለዚህ ሶሻል ሴኩሪቲ የለበትም። 401ኬውስ? በ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የፌዴራሉ የዘጠነኛው ሰርኪት ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ የዋሽንግተን ስቴት ጉዳይ ላይ፣ ሳትጋባ አብራ የኖረች ሴት «ጥገኛ» ተብላ በኳድሮ ድርሻዋን ማግኘት እንደምትችል ወስኗል። ትልቅ ውሳኔ ነው። ግን ታክሱን ልብ በሉ። ተቀባዩ የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ካልሆነ፣ ገንዘቡ ለእሷ ይሄዳል፣ ታክሱ በጡረታው ባለቤት ላይ ይመጣል። ወደ አይ አር ኤ ማዛወርም የተፈቀደው ለትዳር ጓደኛና ለቀድሞ የትዳር ጓደኛ ነው። ሲደራደሩ ይህን ያልቆጠረ ሰው በሚያዝያ ወር ይደነግጣል።

የዲሲ ምዝገባ

ዲሲ ዶሜስቲክ ፓርትነርሺፕ የሚባል፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች የሚመዘገቡበት ምዝገባ አላት። ርካሽና ቀላል ነው። ሲፈርስ የዲሲ ፍርድ ቤት ንብረትን እንደ ትዳር ማካፈል ይችላል። ፌዴራሉ ግን ለታክስ ባልና ሚስት ብሎ አይቀበለውም፤ የ401ኬ ፕላንም «የቀድሞ የትዳር ጓደኛ» አይደላችሁም ሊል ይችላል። የሚገርመው ሶሻል ሴኩሪቲ አንዳንድ የዚህ ዓይነት ምዝገባዎችን እንደ ጋብቻ የሚቆጥርበት ደንብ አለው። ስለዚህ ተመዝግበው ከነበረ ማመልከት አይጎዳም። እኔ ግን ጡረታን ብቻ ብሎ ይህን የሚመርጥ ሰው ብመክር «ወይ ተጋቡ፣ ወይ ውል ጻፉ» እላለሁ። ግማሽ መንገድ ነው።

ጡረታውን ሳይነኩ በሌላ ንብረት መተካካት

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ አትላንታ፣ ቬጋስ ወይም ሚኒሶታ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የሚቆመው። ጡረታው በባለቤቱ ስም ይቀራል። ሌላው በቤቱ ድርሻ፣ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኪና ይካሳል። ፕላኑ አያገባውም፣ ኳድሮ አያስፈልግም። ሽማግሌም እዚህ ጋ ነው የሚጠቅመው። የተስማማችሁበትን ግን ጠበቃ በእንግሊዝኛ ይጻፈው፣ ሁለታችሁም ፈርሙ።  በቃል ያለ ይረሳል።

ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። እንበልና በአብሮነት ዘመናችሁ 401ኬው ውስጥ 60,000 ዶላር ገባ። ግማሹ 30,000 ነው። «እንግዲያው 30,000 በጥሬው ይስጠኝ» ማለት ፍትሐዊ ይመስላል። አይደለም። በ401ኬ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ታክስ ያልተከፈለበት ገንዘብ ነው። ዛሬ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ሆኖ ቢያወጣው 10 በመቶ ቅጣት፣ ማለትም 3,000 ይሄዳል። በ22 በመቶ የፌዴራል ታክስ ውስጥ ከሆነ 6,600 ይጨመራል። የቀረው 20,400 ነው፣ የስቴቱ ታክስ ገና ሳይነሣ። ስለዚህ በ20 ሺህና በ30 ሺህ መካከል ያለ ቁጥር ላይ መገናኘት ተገቢ ነው። ሰውየው ጡረታ እስኪወጣ የማይነካው ከሆነ ወደ ላይኛው፣ ዛሬ ለማካፈል ብሎ የሚያወጣው ከሆነ ወደ ታችኛው። ለማንኛውም «አውጥቼ ላካፍልሽ» የሚለውን እኔ አልደግፍም። ሁለቱም ይከስራሉ። ሥራ ላይ እያሉ እንዲወጣ የማይፈቅዱ ፕላኖችም አሉ።

አይ አር ኤም ያው ነው። በፍቺ ያለ ታክስ ማዛወር የሚቻለው ለተጋቡ ብቻ ነው። ካልተጋቡ እንደ ተራ ወጪ ይታያል።

ታክሲና ኡበር ለሚነዱ ደግሞ አንድ ነገር። ብዙዎቹ 401ኬ የላቸውም፤ ያላቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። እሱም የሚታሰበው ለመንግሥት በተገለጸው ገቢ ልክ ነው። ለዓመታት ገቢው ዝቅ ተደርጎ ከተገለጸ የሚካፈልም የሚጠየቅም ብዙ አይኖርም። እዚያ ላይ ለጠበቃ ብዙ ከማፍሰስ በቁጠባውና በመኪናው መነጋገር ይሻላል።

ሦስት ዓመት አብረው ኖረው፣ ሁለቱም እየሠሩ፣ ሁለቱም የየራሳቸው 401ኬ ይዘው የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ተዉት። የጠበቃው ክፍያ ከድርሻው ሊበልጥ ይችላል።

ገና ያልተለያያችሁ

አብራችሁ ያላችሁና አንዳችሁ ልጅ ለማሳደግ ሥራ ያቆማችሁ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤት የዋለው ሰው 401ኬው ቆሟል፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ነጥቡም ቆሟል። የራስን ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ የ10 ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። እንዲህ ላለ ሰው ከውልም ከምዝገባም ይልቅ ፈቃድ አውጥቶ በፍርድ ቤት መጋባት ይሻላል። ድግሱ ሊቆይ ይችላል። 10 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ግን ከጋብቻው ቀን ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ደግሞ የተጋባችሁት ቀድሞ ከሆነ ካውንቲ ክለርክ ዘንድ ሄዳችሁ የጋብቻ መግለጫ በጋራ መፈረም ትችላላችሁ። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደተጋባችሁ እዚያው ይጻፋል። እውነተኛውን ቀን ጻፉ።

መጋባት የማይፈልግ ሰው የሚቀረው ውልና የተጠቃሚ ፎርም (ባለቤቱ ሲሞት ገንዘቡ ለማን እንደሚከፈል የሚጻፍበት) ነው። ፎርሙ የሚሞላው በሥራ ቦታ በኤች አር (የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል) ወይም በፕላኑ ድረ ገጽ ነው፤ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ላልተጋቡ ሰዎች ሞት ቢመጣ የሚሠራው እሱ ነው። ላገቡ ሰዎች ግን የ401ኬ ተጠቃሚ የትዳር ጓደኛ ነው፤ ሌላ ለመጻፍ የእሱ ወይም የእሷ የተመሰከረለት ፊርማ ያስፈልጋል።

ስትለያዩም ያው ፎርም ይጠብቃችኋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001ም በ2009ም እንዳጸናው ፕላኑ የሚከፍለው በፎርሙ ላይ ለተጻፈው ስም ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ትታችሁት የወጣችሁት ሰው ስም እዚያ ካለ ገንዘቡ ለእሱ ነው፤ ለእናታችሁም፣ ለልጆቻችሁም አይደለም። የድሮ መሥሪያ ቤት ላይ የቀረ ትንሽ 401ኬ ካለም እሱንም ክፈቱና እዩት። የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ደውሉ።